ወረታ ገባህ

ብስክሌት ከውጭ አገር ሲመጣ አንገቱን ተጠምዝዞ ነው የሚመጣው። ቦታ እንዳይፈጅ መሪውን ያዞሩና ከጎኑ ጋር ያጣብቁታል፤ ከመኪና ሲወርድ ለገበያ የታሰረ በግ ይመስላል። ወረታ እኔ ሱቅ ሲደርስ የመጀመሪያው ሥራዬ አንገቱን ማቃናት ነው። ፍሬኑ፣ ካቴናው፣ ፔዳሉ ኋላ ይደርሳል። መሪው ከፊት ጎማው ጋር ካልተስማማ የተቀረው ሁሉ ጌጥ ነው።

ገዥ ግን ይህን አያይም። እስከ ዛሬ የመጣብኝ ገዥ ሁሉ የአንድ እናት ልጅ ነው። መጀመሪያ ደወሉን ይደውላል። ቀጥሎ ጎማውን በአውራ ጣቱ ይጫናል። ቀለሙን በጥፍሩ ጫር ያደርግና በመጨረሻ “ዋጋው ትንሽ አልበዛም?” ይላል። አንገቱ ላይ ዓይኑን የሚያሳርፍ የለም። እኔም አላሳስበውም፤ ነጋዴ ያልተጠየቀውን አይመልስም።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ከመሪው አንገት አናት ላይ ያለውን ቡሎን በአሥራ ሦስት ቁጥር ቁልፍ ሁለት ሦስት ዙር ታላላለህ። እንጨት ደግፈህ በመዶሻ ከላይ መታ ስታደርገው ውስጥ ነክሶ የያዘው ይለቃል። ከዚያ ከፊት ትቆምና ጎማውን በሁለት ጉልበትህ መሃል ጥርቅም አድርገህ ይዘህ መሪውን ታዞራለህ። እስከዚህ ድረስ አንድ ሰው ይበቃል። መቃናቱን ለማየት ግን ሁለት ሰው ያስፈልጋል። ጎማ በጉልበቱ ይዞ ላጎነበሰ ሰው ዓለም ሁሉ ቀጥ ያለ ይመስለዋል።

ሁለተኛዋ ሰው ባለቤቴ ነበረች።

ከኮርቻው ኋላ፣ ከበሩ ጥላ ሥር ትቆማለች። አንድ እጇን ኮርቻው ላይ ታሳርፍና አንድ ዓይኗን ጨፍና ታያለች። እንደ ጀመርን ሰሞን “ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ” ነበር የምትለኝ። እኔ ፊቴ ወደሷ፣ እሷ ፊቷ ወደኔ፤ የሷ ግራ የኔ ቀኝ። በአንድ ብስክሌት ተጨቃጭቀን ምሳ ሳንበላ የዋልንበት ቀን አለ። በማግሥቱ ዘዴ ይዛ መጣች።

ሱቃችን ያለው በደብረ ታቦሩ መንገድ ላይ ነው። ብስክሌቱ ለሥራ ሲቆም ሁልጊዜ አፍንጫው ወደ ደብረ ታቦር ነው። እንግዲህ በአንዱ ወገን ጎንደር፣ በሌላው ወገን ባሕር ዳር ይቀራል፤ ጎንደር ደግሞ ለሷም ለኔም ያው ጎንደር ነው። መሪው ወደዚያ ብዙ ከዞረ “ጎንደር ነህ” ትለኛለች። ሲቀንስ አዲስ ዘመን፣ ጥቂት ሲቀረው ይፋግ። በዚህኛው ወገን ከሆነ ብዙው ባሕር ዳር፣ ጥቂቱ ሐሙሲት። ቀጥ ሲል ወረታ።

“ጎንደር ነህ። ና። ና እንጂ! ኧረ አንተ ሰው፣ መተማ ልትገባ ነው፤ ወዲህ ተመለስ።”

“እየመጣሁ ነው።”

“አዲስ ዘመን። ቀስ በል። ይፋግ። ይፋግ። እንዲያ… ወረታ ገባህ፤ እሰር!”

እኔም ቡሎኑን አስራለሁ። ገበያተኛ ቆሞ የሚሰማን ከሆነ ሹፌርና ረዳት እንጂ ባልና ሚስት አንመስለውም ነበር። እሷ ከወረታ ርቃ የሄደችው ለቅሶና ሠርግ ሲሆን ብቻ ነው፤ እኔን ግን በቀን አራት አምስት ጊዜ ከጎንደር ትመልሰኝ ነበር።

ከሞተች ሁለት ዓመት አልፏል። ሕመሙ አጭር ነበር፤ ስለሱ የምለው የለኝም።

ከተዝካሩ በኋላ ባሕር ዳር የምትኖረው ልጃችን ሱቁን ዘግቼ እሷ ዘንድ እንድገባ ወጥራ ያዘችኝ። ቤቷ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ደግ ልጅ ናት፤ አልጋውንም ገዝታ አንጥፋው ነበር። ፎቅ ላይ ተቀምጬ ምን እንደምሠራ ስጠይቃት “ታርፋለህ” አለችኝ። እረፍትን ለጠላቴም አልመኝ። ደግሞ ከበሩ ሥር እናቷ ስትቆም የኖረችበት ሲሚንቶ አለ፤ ከሌላው ቦታ ይለሰልሳል። ይህን ለልጄ አልነገርኋትም። የነገርኋት “ሥራ አለኝ” ብየ ነው።

“እሺ አባየ” አለች። “ግን ቃል ስጠኝ። ሥራውን ብቻህን የማትችልበት ቀን ትነግረኛለህ። ያን ቀን መጥቼ ቆልፌ እወስድሃለሁ።”

ቃሌን ሰጠኋት። በሕይወቴ ውሌን አፍርሼ አላውቅም፤ ውል ስገባ ግን ለራሴ የሚመች ቀዳዳ መተው ልማዴ ነበር። በዚህኛው ላይ ቀዳዳ መተው ረሳሁ።

ብቻዬን ሥራ ጀመርሁ። ብስክሌቱን በራሱ ማቆሚያ አቆመዋለሁ፤ አቃናለሁ፣ ከፊት አያለሁ፣ ዞሬ ከኋላ አያለሁ፣ ተመልሼ እነካካለሁ። ሰሞኑ ደግሞ የብስክሌት ሰሞን ሆነ። ነዳጅ ጠፍቶ ባጃጆች ተሰልፈው ሲያንቀላፉ፣ ትናንት ብስክሌትን የልጅ መጫወቻ ያደረገው ሁሉ ወደኔ መጣ። የመንግሥት ሠራተኛው፣ ሩዝ ነጋዴው፣ ከሜዳው ማዶ ያለው ገበሬ ሳይቀር ገዛ። እኔም አቃናሁላቸው። አቃናሁ ነው ያልሁት፤ ያኔ እንደዚያ ነበር የሚመስለኝ።

አንዳንዴ ልቤ ካላረፈ ከሱቁ አጠገብ የተከራየውን መምህር እጠራው ነበር። እሱም ብስክሌት ከኔ ገዝቷል። ከኮርቻው ኋላ አቆመውና “እንዴት ነው?” እለዋለሁ።

“ጥሩ ነው ጋሸ።”

“ወደየትም አላለም?”

“ኧረ ምንም! ቀጥ ያለ ነው።”

አፉ የተባረከ ነው። እኔም አመስግኜ ቡሎኑን አስራለሁ።

በዚያ ሁሉ ጊዜ ቀኝ ዓይኔ ላይ ሞራ እየወረደ ነበር። የሚያይ ሰው ዓይኑ ሲደክም ወዲያው የሚያውቅ ይመስላችኋል። አያውቅም። ጠዋት ላይ ጭጋግ ነው ይላል፤ ከሰዓት አቧራ ነው ይላል፤ መኸር ሲሆን የሩዝ ገለባ ነው ይላል። ወረታ ለዓይን ማሳበቢያ የሚሆን ነገር አታጣም።

እውነቱን ያመጣችልኝ ሸክላ ሠሪ ናት። ከከተማው ወጣ ብለው ከሚኖሩት አንዷ ናት። እንስራና ድስት በገለባ ሸፋፍና በብስክሌት በሁለቱ ጎን አንጠልጥላ ይፋግ ገበያ ትወስዳለች፤ አትነዳውም፣ እየገፋች ነው የምትሄደው። ብስክሌቱን ከኔ ከገዛች ወር አልሞላትም። አንድ ቀን እኩለ ቀን ላይ ከሱቁ ፊት፣ ከመንገዱ ላይ ቆመች። እነሱ በር ድረስ አይጠጉም፤ ማንም ግቡ ብሏቸው አያውቅም።

“አንቱ!” አለችኝ። “ይህን ብስክሌት ሲሸጡልኝ ዓይንዎ የት ነበር?”

“ምን ሆነ እታለም?”

“እኔ ይፋግ ልሂድ እላለሁ፤ እሱ ሩዝ ልብላ ይላል።”

ሳቅሁ። እሷ አልሳቀችም። ከገለባው ውስጥ የተሰበረ የእንስራ አፍ አውጥታ አሳየችኝ።

“መሪውን አቅንቼ ስገፋው ጎማው ወደ ቦዩ ይሄዳል። ጎማውን ሳቀናው መሪው ሆዴን ይወጋኛል። ሁለት እንስራና አንድ ድስት ቦዩ ውስጥ ቀረ።”

ነጋዴ የሚለውን አልሁ። “መንገዱ ነዋ። ጭነቱስ ወደ አንድ ወገን አድልቶ ይሆን?”

“ጭነት ማመዛዘን ሊያስተምሩኝ ነው? እንስራ አዝዬ ነው ያደግሁ።”

“እስከ ዛሬ ስንት ሰው ከኔ ገዝቶ አንድም ሰው አልተናገረኝ።”

“እነሱማ ያፍሩዎታል።” በአገጯ ግድግዳው ላይ የተደገፈውን የመምህሩን ብስክሌት አሳየችኝ። “ያውና የሱም። የዚያ የሩዝ ነጋዴውም። የናንተ ከተማ ብስክሌት ሁሉ አንገቱን ሰበር አድርጎ ነው የሚሄድ። እኔማ ፋሽን መስሎኝ ነበር!”

የመምህሩን ብስክሌት አየሁት። ጥሩ ነበር። ቀጥ ያለ ነበር። ያስደነገጠኝም ይኸው ነው፤ ፊት ለፊቴ ጠማማ ነው እያለችኝ ለኔ ቀጥ ብሎ ታየኝ።

በኋላ ሳስበው፣ ወረታ ውስጥ እውነቱን ለመናገር ነፃ የነበረች እሷ ብቻ ናት። ሰው ለሰው የሚሳሳው በየቤቱ ስለሚገባባ ነው። ዛሬ ብትናገረው ነገ ለቅሶህ ላይ ታጣዋለህ። እሷን ግን ማንም ለቅሶ ላይ አስቀምጧት አያውቅም፤ ድስቷን እንገዛለን እንጂ ከኛ ጋር ቆርሳ አታውቅም። ምን የሚቀርባት ነገር ኖሮ ትፈራኛለች?

“ግቢ” አልኋት። ቆማ አየችኝ። ከዚያ ብስክሌቷን እየገፋች እስከ በሩ መጣች።

ቡሎኑን አላላሁ፤ ጎማውን በጉልበቴ ያዝሁ፤ መሪውን አዞርሁና አየሁ። “አሁንስ?”

“አሁንም ያው ነው።”

“አሁን?”

“ባሰበት። እንዴ! በዓይን ነው እንዴ የሚሠሩት?”

“በምን ልሥራ ታዲያ?”

“እኔ የድስት ክዳን ከአፉ ጋር የማገጥመው በዓይን ይመስልዎታል? ዓይን ሰው ነው፤ ያዳላል።” ከገለባዋ ውስጥ አንድ ረጅም ሰንበሌጥ መዘዘች። አንዱን ጫፍ ከጎማው መሃል ካለው ዳዶ ላይ አስነካች፤ ሌላውን እስከ መሪው እጀታ ጫፍ ለክታ እዚያው ቆረጠችው። ዞራ በሌላው ወገን አስቀመጠችው። “ይንኩት” አለችኝ። ጣቴን ሰደድሁ። ሰንበሌጡ እጀታውን አልፎ ሁለት ጣት ያህል ትርፍ ነበር።

ሁለት ጣት። ባለቤቴ ብትኖር ሐሙሲት ነው የምትለው። ለካ ሁለት ዓመት ሙሉ የሸጥሁት ብስክሌት ሁሉ ሐሙሲት ላይ ቀርቷል።

ሰንበሌጡ በሁለቱም ወገን እኩል እስኪሆን አዞርሁና አሰርሁ። ለተሰበረባት ነገር ልክፈል ብል “የተሰበረውን ይተውት፤ ያልተሰበረው አይሰበርብኝ” ብላ ሄደች። ከኋላዋ ቆሜ ሳያት መንገዱን ይዛ ቀጥ ብላ ነጎደች። እንዲህ ያለ መሄድ ያየሁት ከስንት ጊዜ በኋላ ነው።

መምህሩ ከትምህርት ቤት ሲመለስ በር ላይ ጠበቅሁት።

“መምህር፣ ይህ መሪ ጠማማ ነው?”

“የቱ?” አለ፣ የቱ እንደሆነ እያወቀ።

“ያንተው።”

“ኧረ ደህና ነው ጋሸ። ትንሽ… አመል አለው እንጂ።”

“ስንት ጊዜ ከኋላ አቁሜ ጠየቅሁህ?”

መሬት መሬት አየ። “ሐዘን ላይ ነበሩ።”

“ሁለት ዓመት?”

“ታዲያ የቱን ቀን መርጬ ልንገርዎ?”

ይህን ብሎ ልቡ ሲቀልለው የቀረውን ዘረገፈው። ለካ ከገዥዎቼ አንዳንዶቹ ጎንደር መንገድ ላይ ያለ በያጅ ዘንድ ሄደው “አደራ፣ ጋሸ እንዳይሰሙ” እያሉ ያቃናሉ። በያጁ በኔ ጥፋት ሱቅ አሰፋ። የተቀሩት ደግሞ እንደ ጠመመ ለምደውት ይነዳሉ።

“ያንተን አሁን ላቃናልህ” አልሁት።

“ቢተዉት ይሻላል ጋሸ። ክንዴ ለምዶታል። ቢያቃኑት የምወድቅ ይመስለኛል።”

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስወጣ ከአጥሩ ሥር የተደረደሩትን ብስክሌቶች በእጄ እየዳሰስሁ አለፍሁ። ማንም ሳያየኝ ሲባጎ ከኪሴ አወጣሁ፤ ሰንበሌጥ ይሰበራል ብየ በሲባጎ ተክቼው ነበር። ከዳዶው እስከ እጀታው፣ በዚህ ወገን፣ በዚያ ወገን። ሐሙሲት። ሐሙሲት። ሐሙሲት። ዝናብ ሲመጣ ጀርባቸውን ለነፋሱ እንደሚሰጡ የሜዳው ከብቶች ሁሉም ወደ አንድ ዞረዋል። የከተማው ሰው ሐዘኔን መሪ ላይ ተሸክሞት ኖሯል፤ እኔ ደግሞ ብቻዬን የተሸከምሁት ይመስለኝ ነበር። ይህ ሊያጽናናኝ ይገባ ነበር። አላጽናናኝም። ሁለት ዓመት በመንገዱ ሁሉ ሰላም ሲሉኝ ከርመው፣ ከሰላምታው ጀርባ ስለኔ የሚያውቁትን እኔ ብቻ ሳላውቀው መኖሬ፣ በሰው መሃል ብቻዬን አስቀረኝ።

ከዚያ በኋላ ያደረግሁት ደግሞ ከነሱ የባሰ ነው። ገዥዎቼን አንድ በአንድ “ፍሬኑን ልየው፣ ብቅ በል” እያልሁ ጠራኋቸው። ይመጣሉ። ፍሬኑን የምነካ መስዬ መሪውን በሲባጎ ለክቼ አቃናለሁ። እነሱም ያላዩ መስለው ሰማይ ሰማይ ያያሉ። “ፍሬኑ አሁን እንዴት ነው?” እላለሁ። “ኧረ ፍሬኑ ተአምር ሆነ ጋሸ!” ይላሉ። ብስክሌቱን ይዘው ሲወጡ ደግሞ ክንዳቸው ጠማማውን ስለለመደ ወደ ማዶው ያደላሉ።

ለልጄ የሰጠኋት ቃል ግን ፍሬን የለውም። ሥራውን ብቻህን የማትችልበት ቀን ትነግረኛለህ ነበር ያለችው፤ ያ ቀን መጥቶ ሁለት ዓመት ሲያልፍ አላወቅሁም። ዝም ልል ነበር። ደውሎ መንገር ቀርቶ፣ ስትደውል ባላነሳስ ብዬ አስቤያለሁ። ከዚያ ሸክላ ሠሪዋ ትዝ አለችኝ፤ ከመንገዱ ላይ ቆማ “ዓይንዎ የት ነበር” ያለችኝ። ደወልሁ፤ የሆነውን ሁሉ፣ የዓይኔንም ነገር ነገርኋት።

በሁለተኛው ቀን በሚኒባስ መጣች። መቆለፊያ ገዝታ መጥታለች፤ ቦርሳዋ ውስጥ ሲንኳኳ ሰማሁት።

“አባየ፣ ዓይንህን አሳየኝ” አለች። አየችው። ፊቷን አዞረች። “እንግዲህ ቃልህ ቃል ነው።”

“ቃሌማ ‘ሥራውን ብቻህን የማትችል ከሆነ’ ነው። አልችልም አላልሁም፤ አልችልም ነበር ነው ያልሁ።”

“ነጋዴ!” አለች፤ በእናቷ አፍ።

“ፈትኚኝ። ጠማማ ከሆነ ነይ ቆልፊው፤ ልብሴን እኔው አስራለሁ።”

ከመጋዘን አዲስ የመጣ ብስክሌት አወጣሁ፤ አንገቱ ገና እንደ ተጠመዘዘ ነው። ሳልነግራት ከኮርቻው ኋላ ሄዳ ቆመች። በልጅነቷ ደጃፉ ላይ ስትጫወት ያየችውን ነው ያደረገችው። እጇን ኮርቻው ላይ አሳረፈች። እግሯ ያረፈው እዚያ ለስላሳው ሲሚንቶ ላይ ነው።

ቡሎኑን አላላሁ። መዶሻውን መታ አደረግሁ። ጎማውን በጉልበቴ ያዝሁ። መሪውን ከነጠማማነቱ አንድ ጊዜ ትቼው ብጠብቅ “ጎንደር ነህ” ትላለች። አፏ ላይ እንዳለ አውቃለሁ፤ የእናቷን ሁሉ ታውቃለች። ከዚያ ደረጃ በደረጃ ታመጣኛለች። ግን ሦስት አራት ቦታ ከመራችኝ ፈተናውን የወደቅሁ እኔ ነኝ። ብቻዬን መቻሌን ነው ላሳያት የሚገባ።

ሲባጎውን አወጣሁ። በዚህ ወገን ለካሁ፣ በዚያ ወገን ለካሁ፤ ጥቂት አዞርሁ፤ ደግሜ ለካሁ። አንዴም ቀና ብዬ አላየኋት። እሷም አልተናገረችም። ቡሎኑን አጥብቄ ስጨርስ ነው ቀና ያልሁ።

አንድ ዓይኗን ጨፍና ብዙ ቆየች። ከኮርቻው ወደ ግራ ሄዳ አየች፤ ወደ ቀኝ ሄዳ አየች።

“ምን ልበልህ?” አለች። “ወረታ ነህ። ምንም የምለው የለኝም።”

አሸነፍሁ ማለት ነው። ምሳ በላን። መኸሩ ሲያልፍ ዓይኔን እንደምታከም ቃል አስገባችኝ፤ በዚህኛውም ቀዳዳ አልተውሁም። ከሰዓት በኋላ እስከ መናኸሪያው ሸኘኋት። ሚኒባሱ ሲሞላ በመስኮት እጄን ያዝ አደረገችና “መቆለፊያውን ትቼልሃለሁ፤ የሱቁ አሮጌ ነው” አለችኝ። ወደ ባሕር ዳር ነጎዱ።

ሱቅ ተመልሼ በሩ ላይ ተቀመጥሁ። ገዥ አልነበረም። ብስክሌቱ አፍንጫውን ወደ ደብረ ታቦር እንዳደረገ ቆሟል፤ የቀረው ሥራ አልነበረውም። ተነሳሁና ቡሎኑን አላላሁት። ጎማውን በጉልበቴ ይዤ መሪውን እስከ ጎንደር ወሰድሁት። ከዚያ ቀስ እያልሁ መለስሁ። አዲስ ዘመን ላይ ቆምሁ። ይፋግ ላይ ቆምሁ። ከኮርቻው ኋላ ያለውን ጥላ እያየሁ እዚያው ትንሽ ጠበቅሁ፤ ከዚያ ሲባጎዬን ከኪሴ አወጣሁ።